ባዶውን ባልዲ የመረጠው ፈረስ

(በፈረስ ጋጣ ውስጥ። ነጭ ጋዋን የለበሰ ተመራማሪ ገብስ ከሞላበት ሰማያዊ ባልዲ አጠገብ ቆሟል። ወዲያ ማዶ ባዶ ቢጫ ባልዲ አለ። ባልደራሱ ፈረሱን ይዟል።)

ተመራማሪው፦ ዳማ አትበለው አልኩህ! ቁጥር ሰባት ነው።

ባልደራሱ፦ ቁጥር ሰባት ብዬ ስጠራው ዞር ብሎም አያየኝ፣ ዶክተር።

ተመራማሪው፦ ዳማ ስትለውስ ምን ያመጣል?

ባልደራሱ፦ ጆሮውን ያቆማል።

ተመራማሪው፦ ጆሮ ማቆም ዕውቀት ቢሆን አህያ ፕሮፌሰር በሆነች ነበር!

ባልደራሱ፦ (ከእግር እስከ ራሱ እያየው) ማን ከለከላት ብለው ነው።

ተመራማሪው፦ ዝም በልና ልቀቀው!

(ፈረሱ ይለቀቃል። ቀጥ ብሎ ወደ ባዶው ባልዲ ይሄዳል።)

ተመራማሪው፦ (እየጻፈ) ሃያ አንደኛ ቀን። ዛሬም ባዶውን መረጠ። ገብስ እየሸተተው ባዶ ባልዲ የሚልስ ፍጡር! በሕይወቴ እንዲህ ያለ ደደብ አላየሁም።

ባልደራሱ፦ እኔም አላየሁም።

ተመራማሪው፦ ጎሽ፣ ለአንተም ገባህ። እንግዲህ ዛሬ እፈርማለሁ። መማር ያቃተው ወደ ጡብ ፋብሪካ ሄዶ ጋሪ ይጎትታል። ነገ ጠዋት መጥተው ይወስዱታል።

ባልደራሱ፦ (ደንግጦ) ዳማን? ዘጠኝ ዓመት በእጄ ያደገውን? ኧረ ዶክተር፣ ጉልበቱን ያመዋል፤ ጋሪ ይገድለዋል!

ተመራማሪው፦ ስለ ፈረስ ምቾት ለእኔ ልትነግረኝ ነው? አርባ ገጽ ጽፌበታለሁ!

ባልደራሱ፦ አንብበውለታል?

ተመራማሪው፦ ለማን?

ባልደራሱ፦ ለዳማ።

ተመራማሪው፦ ወይ መከራዬ! ከፈረሱና ከባልደራሱ ማን እንደሚብስ ራሱን የቻለ ጥናት ይፈልጋል።

ባልደራሱ፦ (ትንሽ አስቦ) ዶክተር፣ ጋዋኑ አይሞቅዎትም?

ተመራማሪው፦ ምን አገባህ?

ባልደራሱ፦ ላብ በላብ ሆነዋል። ያውልቁትና ልያዝልዎት።

(ተመራማሪው እያጉረመረመ ያወልቃል። ባልደራሱ ጋዋኑን ከበር ውጭ ሰቅሎ ይመለሳል። ፈረሱ አንገቱን ቀና ያደርጋል። ቀስ ብሎ ይመጣና ሰማያዊው ባልዲ ውስጥ አፉን ይነክራል።)

ተመራማሪው፦ ምን... ምን አደረግኸው?

ባልደራሱ፦ እኔማ ምንም። የእንስሳት ሐኪሙ መርፌ ይዞ ሲመጣ ነጭ ጋዋን ነው የሚለብሰው። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ዳማ የመጀመሪያ ቀን እርስዎን ሲያይ፣ «ከዚህ ሰውዬ ራቅ» አለ፤ ራቀ።

ተመራማሪው፦ ታዲያ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ዝም ብለህ ታየኛለህ?

ባልደራሱ፦ «አንዲት ቃል ብትተነፍስ ጥናቱ ይበላሻል» ያሉኝ እርስዎ አይደሉ? ጋዋኑን በየቀኑ አሳጥበው፣ አስተኩሰው ሲመጡ፣ ዛሬስ ይገባቸው ይሆን እያልኩ ስጠብቅ ከረምኩ።

ተመራማሪው፦ (ወረቀቱን እየሰረዘ) እሺ... ፈረሱ ይማራል ብዬ እጽፋለሁ።

ባልደራሱ፦ እሱማ በአንድ ቀን ነው የተማረው። የጡብ ፋብሪካው ሰዎች ግን ነገ ጠዋት መምጣታቸው አይቀርም፣ አይደል?

ተመራማሪው፦ ይመጣሉ... ምነው?

ባልደራሱ፦ (ልጓሙን ከሚስማሩ ላይ እያወረደ) መማር ያቃተው ይሄዳል ብለዋል። ዶክተር፣ እስቲ ራስዎን ዝቅ ያድርጉልኝ፤ ልለካዎት።