ሀ ከለ አጠገብ አይቀመጥም

እኔ የምለው፣ በዚህ አገር ነገር ሁሉ የሚለወጠው እኔ ልደርስበት አንድ እርምጃ ሲቀረኝ የሆነው ለምንድን ነው? መንጃ ፈቃድ ላወጣ ስሰለፍ ደንቡ ተለወጠ፤ መታወቂያ ላሳድስ ስሄድ ቅጹ ተለወጠ። እናንተም ሳይደርስባችሁ አይቀርም። በምሠራበት የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ያሉት አሮጌ ፋይሎች አምቦን እስከ ዛሬ «ሀገረ ሕይወት» ነው የሚሏት። «ይሄማ የሌላ ከተማ ፋይል ነው» ብሎ የሚከራከረኝ ባለጉዳይ ሲመጣ፣ «ስሟ ነው የተለወጠው እንጂ ጭቃዋ ያው ነው» እለዋለሁ። ለሰው ማስረዳቱን እንግዲህ እችልበታለሁ። በራሴ ሲመጣ ነው ወገቤ የተቆረጠው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ክርክር ታቅፌ ወደ ዳኛ ስወስድ፣ ከዳኛ ስመልስ ኖሬአለሁ። ምነው ሕጉን እኔም ባወቅሁት እያልኩ ስመኝ፣ በአርባ ሦስት ዓመቴ መሥሪያ ቤቱ አንድ ሠራተኛ ከፍሎ ሕግ ሊያስተምር ወሰነና ዕጣው ለእኔ ወጣ። አልደብቃችሁም፣ መደርደሪያዎቹ መሐል ገብቼ አለቀስኩ። ግን የሕግ ትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናውን ማለፍ ያለብኝ ዘንድሮ ነው። ካልሆነ ዕድሉ ለተረኛው ያልፋል፤ እኔም ጡረታ እስክወጣ ፋይሌን እታቀፋለሁ።

ፈተናው ውስጥ ደግሞ የመቀመጫ ጥያቄ የምንለው ክፍል አለ። ስድስት ሰዎች ክብ ጠረጴዛ ከበዋል፤ ሀ ከለ አጠገብ አይቀመጥም፣ ሐ ከመ ፊት ለፊት ነው፣ ታዲያ ሠ የት ተቀመጠ? እኔ ምን አውቄ! በዚያው ሰሞን፣ ከሚቀጥለው ዓመት ዙር ጀምሮ የመቀመጫ ጥያቄ ይቀራል፣ ፈተናውም በኮምፒውተር ይሆናል የሚል ወሬ መጣ፤ ወሬው እውነት ሆኖ ተለጠፈ። የቢሮ ጓደኞቼ «ታገስና አዲሱን ተፈተን፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» አሉኝ። እነሱ ምን አለባቸው! ለእኔ አዲሱ ፈተና ላም አለኝ በሰማይ ነው። ላሚቱን የሚያልባት ተረኛው ነው።

የመጀመሪያውን የመለማመጃ ወረቀት ያረመልኝ አስጠኚ ሳቀብኝ። ጥያቄው መግቢያ ላይ «መ ከሁሉም በዕድሜ ይበልጣል» ይላል። እኔም መ የተባሉትን ሰውዬ በሩን ከሚያየው ከክብር ቦታ አስቀምጬ፣ የቀሩትን በታላቅነታቸው ደረደርኳቸው። «ጋሼ፣ ክብ ጠረጴዛ እኮ ነው፤ በር የሚባል ነገር የለም» አለኝ። ታዲያ ትልቅ ሰው በተገኘበት ይቀመጥ? እናንተስ ብትሆኑ ታስቀምጣላችሁ?

ያን ጊዜ አማቴ ኦቦ ደበላ ለጉልበታቸው ሕክምና ከእጃጂ መጥተው እኛ ቤት ሰንብተዋል። በአገራቸው እሳቸው ሳይጠሩ ዕርቅ አይፈጸምም። ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ጥያቄውን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ጮክ ብዬ ሳነብ ይሰሙኛል። አንድ ቀን አላስችል አላቸው።

«ሀ ለምንድን ነው ከለ አጠገብ የማይቀመጠው?»

«አይቀመጥም ተብሏል፣ አባባ።»

«ተጣልተዋል?»

«እሱ አልተጻፈም።»

«ያ ዋቅ፣ የአምላክ ያለህ! ሳይጠይቋቸው ነው እንዴ ወንበር የሚደለድሉላቸው?»

ከዚያ ወዲያ ማን ያስቁማቸው! ሀን ኦቦ ለሜሳ አሉት፣ ለን ኦቦ ቶሎሳ። ድንበር ገፋኸኝ ተባብለው ነው የተኳረፉት። ሐ የለሜሳ አማች፣ መ የሁለቱም የክርስትና አባት ሆኑ። የሌለ ሰው ጸብ ፈጥረው ሊያስታርቁ ሲደክሙ እኔ ውስጤ ይቃጠላል፤ ፈተናው ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። አማትን ደግሞ ዝም በሉ አይሏቸው። ግን ጉድ እኮ ነው! በሦስተኛው ቀን፣ እርሳስ ሳላነሳ ሠ የት እንደተቀመጠ አወቅሁት። ፊደል ከፊደል ቢቀመጥ ባይቀመጥ ለማን ምን ገዶት? የተኳረፉ ሰዎችን ግን ሠርግ ላይም ለቅሶ ላይም ስናራርቅ ነው የኖርነው።

የፈተናው ዕለት ጥያቄው ላይ ሰባት ሰዎች መጡብኝ። ለሜሳና ቶሎሳን ከፊት አድርጌ ለሁሉም ስም አወጣሁላቸው፤ አዛመድኳቸው፣ አጣላኋቸው፣ አስቀመጥኳቸው። ውጤቱ ሲመጣ ለጥቂት አለፍኩ። ዝርዝሩን ሳየው በሌላው ክፍል ሁሉ ሳነክስ ነው የዋልኩት፤ ያሻገረኝ ያው የመቀመጫ ጥያቄ ነው። ሊቀር የተወሰነበት! እልል ልበል ወይስ ልፈር ግራ ገባኝ።

ኦቦ ደበላ አገራቸው ተመልሰው ስለነበር እጃጂ ደወልኩ። በኦሮምኛ ረጅም ምርቃት መረቁኝ፤ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ቀጥዬ ያ ጥያቄ ከእንግዲህ እንደማይኖር ነገርኳቸው።

«ታዲያ ወደፊት የሚመጡት የሕግ ሰዎች ማን ከማን እንደተኳረፈ በምን ያውቃሉ?»

«ከመዝገቡ ያነባሉ፣ አባባ።»

«እሺ» አሉ፤ እንዳላመኑኝ በስልክም ያስታውቃል። «ለመሆኑ ለሜሳና ቶሎሳ ታረቁ?»

አሥራ ስድስት ዓመት ፋይል ስታቀፍ፣ የአንዱን እንኳ እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም።

«አልታረቁም፣ አባባ» አልኳቸው። «አራርቄ አስቀምጫቸው ነው የወጣሁት።»

«ይሁን» አሉኝ። «ገና ልትማር አይደል የምትገባው።»