ሐረ ሸይጣን የወረደው ወፍ ፈላጊ

አዋቂ ሰው ከማያውቀው ብሶ የሚሳሳትበት ጊዜ አለ። የማያውቀው ቢያንስ ይጠይቃል፤ አዋቂው ምን በወጣው? ይህን ስል እናንተን ለመንካት አይደለም። የማወራው ስለ ራሴና ስለ አንድ ጣሊያን ነው።

በጣሊያን ጊዜ ቡታጅራ የነበረው ካፒታኖ፣ ሻምበል መሆኑ ነው፣ ወፍ ይወድ ነበር። ዶሮ የሚፈልጉትን ባልደረቦቹን እናውቃቸዋለን፤ እሱ ግን የፈለገው የማትበላ ወፍ ነው። ከድንቢጥ እምብዛም አትበልጥም፤ ቡናማ ናት፤ የአገሩን ብርድ ሸሽታ ከመስቀል በኋላ ወደ እኛ ትመጣለች አሉ። ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች ይባል የለ? የእሱ አገር ወፍ በእኛ አገር እንዴት እንደምትጮኽ መስማት አማረው። እኔ ከመንገድ ሥራ በለቃቀምኳት ጣሊያንኛ አስተርጓሚው ነበርኩና መሪም ሆንኩ።

ሳምንቱን ሙሉ በየእንሰቱ ጓሮ አዞርኩት። እንሰት የሚፍቁት ሴቶች ስለ ወፍ ስጠይቃቸው፣ ከራሳቸው በላይ ወፍ እየተንጫጫ፣ "እኛ ሰፈር ወፍ አናውቅም" ይሉኛል። አልፈርድባቸውም። መነጽር አንግቶ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ የሚዞር ወታደር፣ ወፍ ፈልጌ ነው ቢል ማን ያምነዋል?

በመጨረሻ ሐረ ሸይጣን ካልሄድን አለ።

ክው አልኩ። ሐረ ሸይጣን ገደል ውስጥ የተኛ አረንጓዴ ሐይቅ ነው። ሰይጣን አለበት ስለሚባል ሰው አይጠጋውም፤ ሰው ስለማይጠጋውም እግሩን በጥይት የተመታው አርበኛው አጎቴ ከድር እዚያው ቁጥቋጦ ውስጥ ተሸሽጓል። ስንቁን የማደርስለት እኔ ነኝ። ቢያዝ የሚሰቀለው እሱ ብቻ አይደለም።

"ሲኞር፣ ሰይጣን አለበት" አልኩት።

"እናየዋለን" ብሎ ቀደመኝ። መሪ ሲፈራ ተመሪ ይመራል።

ገደሉ አፋፍ ላይ ቆምን። ካፒታኖው መነጽሩን ወደ ቁጥቋጦው አነጣጥሮ ጆሮውን አቀና። ጭጭ። ቆይቶ ፊቱ ተለወጠ፤ እጁም ወደ ሽጉጡ ሄደ።

"እዚህ ሰው አለ" አለኝ።

"ሰይጣኑ ነው፣ ሲኞር።"

"ሰይጣን ወፍ አያስደነግጥም። ወፍ እንዲህ ዝም የምትለው ለሰው ነው።"

ቁጥቋጦውን አየ፤ እኔን አየ፤ ከኋላችን ማንም እንደሌለ አየ። ለአንድ ሽጉጥ ገደሉ ሰፊ ነበር። "ወፏ ዘንድሮ አልመጣችም ብዬ እጽፋለሁ" አለና ዞረ። ርኅራኄ ይሁን ፍርሃት እስከ ዛሬ አላውቅም። ተከተልኩት፤ ከወፍ ዝምታ ሰው የሚያነብ አዋቂ ነው ብዬም በልቤ አደነቅኩት።

ከሰዓት በኋላ አጎቴን ወደ እንሴኖ የሚያሻግሩ ዘመዶቻችንን ይዤ ተመለስኩ። በቅሎው ላይ ስንጭነው የሆነውን ሁሉ ነገርኩት።

"ምን ዓይነት ወፍ ነው ያልከኝ?"

"ቡናማ፣ ድንቢጥ የምታክል።"

"እሷማ እዚሁ ናት! የቆጮዬን ፍርፋሪ የወረረውን ጉንዳን ስትለቅም ነው የምትውለው። ወላሂ፣ ጠዋት ጠዋት ዘፈኗ አያስተኛኝም" አለ አጎቴ። "ዛሬ አንተና ያ ሰውዬ መጥታችሁ ከላይ ብትገተሩ ጊዜ ነው ዝም ያለችው።"