«ትንሽ አሟታል» ብዬ የደወልኩ ዕለት

እኛ እውነትን እንደ ትኩስ ገንፎ ነው የምንፈራት፤ ከዳር ከዳር ስንል መሃሏ ሳንደርስ ትቀዘቅዛለች። ሞት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ቅርብ ላለ ሰው ንጋት ላይ ተሰብስበን መርዶ እንነግራለን፤ ሩቅ ላለው ግን «ትንሽ አሟታል» እንላለን። እናንተም ብላችሁ ታውቃላችሁ፤ አትካዱ። እኔ ግን ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ታንገበግበኛለች።

ከጎረቤቴ ከዘነቡ ጋር ካዛንቺስ አንድ ግቢ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ኖረናል። አንድ ልጇ ሱራፌል ውጭ አገር ነው፤ የመኖሪያ ፈቃድ አመልክቶ መልስ መጠበቅ ከጀመረ ሦስት ዓመት አልፎታል። መልሱ ሳይመጣ ከዚያ አገር ከወጣ፣ ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠርበታል። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ዘነቡ ራሷ «ወረቀትህን ሳትይዝ እንዳትመጣብኝ» እያለች በስልክ ስትገዝተው ሰምቻለሁ።

እሑድ ቀበርናት። ከቀብር መልስ፣ ድንኳኑ ውስጥ፣ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ታደለ ጠሩኝ። «መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ነውር ነው። አሟታል በለውና ይምጣ፤ እዚህ ሰው ይዞት ያልቅስ» አሉኝ። ዕድሜ ልኬን ያስተማርኩ ሰውዬ፣ እንደ ተማሪ እሺ አልኩ።

ማታውን ለሱራፌል ደውዬ «እናትህን ትንሽ አሟታል፤ ና» አልኩት። «ጋሼ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ካለች እመጣለሁ፤ ወረቀቱ ገደል ይግባ። ካረፈች ግን እዚሁ አለቅሳለሁ፤ እሷም ና አትለኝም» አለኝ።

«አለች፤ ስምህን እየጠራች ነው» አልኩት።

ስሙን እየጠራች። እሱን እንኳ ጨምር ያለኝ ሰው አልነበረም።

ረቡዕ ገባ። ቄራ አክስቱ ቤት አሳደርነውና ሲነጋ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ገባንበት። እንባው ሳይመጣ በፊት ዞሮ ያየው እኔን ነው።

በሦስተኛው ሳምንት፣ እዚያ አብሮት የሚኖረው የአገሩ ልጅ ደወለልኝ። ማመልከቻው ተዘግቷል የሚል ደብዳቤ መጥቷል። መልስ ለመስጠት ሦስት ዓመት ያልበቃቸው ሰዎች፣ ለመዝጋት ሦስት ሳምንት በቃቸው። «እኔ ልነግረው አልደፈርኩም፤ እርስዎ ቀስ ብለው ይንገሩት» አለኝ። እሱም የእኛው ነውና ምን ይደረግ።

ጋሽ ታደለን ባማክራቸው፣ «ተው፣ አርባዋ ሳይወጣ አይነገርም። ትንሽ ዘግይቷል በለው» አሉኝ። ያቺው «አሟታል» ስሟን ቀይራ መጣች። ደሜ ፈላ። «ጋሽ ታደለ፣ እኔና እርስዎ ይህን ልጅ አንዴ ቀብረነዋል፤ ይብቃን» ብያቸው ተነሣሁ። በዕድሜዬ ለትልቅ ሰው እንዲህ ተናግሬ አላውቅም፤ አልጸጸትም።

ሱራፌል እናቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል። ሳልቀመጥ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ፣ ማመልከቻው መዘጋቱን ነገርኩት።

«አውቃለሁ ጋሼ» አለኝ ቀና ሳይል። «ካወቅሁ ሳምንቴ ነው፤ በኢሜይል ደርሶኛል። እናንተ እንዳትደነግጡ፣ አርባዋ ይውጣና ቀስ ብዬ እነግራችኋለሁ ብዬ ነው።»

ልቆጣው አፌን ከፈትኩ። ግን ማን አሳደገውና ነው? አጠገቡ ተቀመጥኩ።