ለዐሥራ ዘጠኝ ዓመት አልዘጋ ያለው ‘ራን’

ቀን፦ ዓርብ፣ ማርች 14፣ 2025
ቦታ፦ ዮርክ፣ የኡዝበሪ መዝገበ ቃላት ቢሮ
የተጀመረበት ሰዓት፦ ከቀኑ 9፡00

የተገኙ፦ አቶ ኦብሪ ፌንዊክ (ሰብሳቢ)፣ ወ/ሮ ሄስተር ላርዉድ (‘ራን’ የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል አዘጋጅ፤ ዛሬ 10፡00 ላይ ጡረታ ይወጣሉ)፣ አቶ ጋይልስ ፓምፍሪ (ተተኪያቸው)፣ ኔሳ ብራድሾ (ጸሐፊ፤ ከተቀጠርኩ አሥራ አንድ ቀኔ)። ወ/ሮ ዶት ኦግል ሻይ ይዘው ገብተዋል፤ ድምፅ የላቸውም፣ ድምፃቸው ግን ይሰማል። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል።

አጀንዳ 1፦ ቃሉን ስለ መዝጋት

እንግሊዝኛ የተማረ ሁሉ አንድ ቀን የጠየቀው ጥያቄ ተነሣ፦ ‘ራን’ መሮጥ ነው፤ ሰው ይሩጥ፣ እሺ፤ አፍንጫ፣ ወንዝና ሱቅ በምን እግራቸው ይሮጣሉ?

ወ/ሮ ላርዉድ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት 638 ትርጉም መዝግበው መጨረሳቸውን አስረዱ። እስከ 10፡00 የሌላ ትርጉም ማስረጃ ካልመጣ ቃሉ በስማቸው ይዘጋል፤ ከመጣ ግን ለአቶ ፓምፍሪ ተላልፎ እንደ አዲስ ይጀመራል። አቶ ፓምፍሪ ወትሮም ከሥሩ መጀመር ነበረበት ብለው፣ ሥሩ ከጥንት እንግሊዞችም በመርከብ ከመጡት የሰሜን ሰዎችም እንደሆነ ለ22 ደቂቃ አብራሩ። ወ/ሮ ላርዉድ “ጋይልስ፣ እኔ ይህን ቃል ስይዝ አንተ ጫማህን ማሰር አትችልም ነበር” አሉ። አስተያየቱ ከአጀንዳ ውጭ ተባለ። ከረጅም ውይይት በኋላ ቃሉ እንዲዘጋ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ የስንብት ኬክ

ወ/ሮ ኦግል የኬኩን ክዳን ከፍተው ለወ/ሮ ላርዉድ “ውይ ሆዴ! ኬክሽ ሮጧል!” አሉ። ሰብሳቢው ወዴት ሲሉ ጠየቁ። አቶ ፓምፍሪ በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከቱ።

“ባለቤቱ ሳይመጣ የተቆረሰ ኬክ በእኛ መንደር ሮጠ ነው የሚባለው፤ እናቴም እንዲህ ነበር የምትል። ቆራሹን ከፈለጋችሁ ከረቫት ከረቫቱን እዩ” አሉ ወ/ሮ ኦግል። አቶ ፓምፍሪ ከረቫታቸው ላይ ያለው ፍርፋሪ የሌላ ኬክ ነው ሲሉ ተቃውሞ አስመዘገቡ።

ይህ የ‘ራን’ ትርጉም ከ638ቱ ውስጥ የለም። ሰብሳቢው በደንባችን ማስረጃ የሚሆነው የተጻፈ ብቻ መሆኑን አስታወሱ፤ የአፍ ወሬ እንዳይቆጠር በጭብጨባ ጸደቀ። በዚህ ጊዜ እኔ ጸሐፊዋ፣ ምስጋና ቢጤ ጠብቄ፣ የተባለውን ሁሉ አንድም ሳላስቀር መጻፌን ገለጽኩ።

ጭብጨባው ቆመ። ገጹ ይቀደድ ተባለ። ወ/ሮ ላርዉድ ደብተሬን ተቀብለው ሁለቴ አነበቡት። ሰዓቱ 9፡56 ነበር።

“ብቀደው ቃሉ ይዘጋል፤ የኔ ዓይን ግን አይዘጋም” አሉ። ቀጥለውም የትርጉም መመዝገቢያ ካርድ አውጥተው “ዶት፣ እናትሽ የት ነው የተወለዱት?” ሲሉ ጠየቁ። ቁ. 639 ተመዘገበ።

የመጨረሻ ውሳኔ፦ አቶ ፓምፍሪ ቃሉን ይረከቡ እንደሆነ ሲጠየቁ አፋቸው በኬክ ስለተሞላ አልመለሱም፤ ዝምታቸው እንደ እምቢታ ተቆጠረ። ስለዚህ በዛሬው ስብሰባ የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል። ቃሉ ክፍት ነው። ጡረታውም ተሽሯል። ኬኩን መመለስ አልተቻለም።

ስብሰባው 10፡07 ላይ ተጠናቀቀ።

ማሳሰቢያ፦ ያለባለቤቱ የተቆረሰ ኬክ ‘ሮጠ’ ሲባል ከዛሬ በፊት ተጽፎ ያየ አንባቢ፣ ቀኑንና ገጹን በካርድ ጽፎ ይላክልን። ወ/ሮ ላርዉድ ሰኞ ጠዋት ወንበራቸው ላይ ናቸው።