አባ ፍታው ዳኛቸው ሮቦቱን ከደጃፍ እስከ አማቱ እግር ያደረሰበት ዘመቻ

ቤት በያዘ በዘጠነኛው ዓመት፥ የሰፈሩ ትራንስፎርመር በተቃጠለ በሦስተኛው ወር፥ በዘመነ ማርቆስ፥ በወርኃ ኅዳር፥ ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ መዝገብ ቤት፥ መዋዔ ብሎን፥ ፈረስ ባይኖረውም የፈረስ ስሙ አባ ፍታው የተባለ ዳኛቸው፥ በደብረ ታቦር ከተማ ባለች ባለ አንድ ክፍል ግዛቱ ተቀምጦ ሳለ፥ አንድ የባዕድ አገር ሰው በዐሥር ደቂቃ ሮቦት ሠርቶ በወለል ላይ ሲያስኬድ በስልኩ አየ፤ አይቶም ልቡ ተነሣ፤ እርሱም የሚሄድ ሮቦት ሊሠራ ወደ ጉና ተራራ ዞሮ ማለ።

አባ ፍታው መባሉም ያለ ምክንያት አልነበረም። የፈታው የግድግዳ ሰዓት፥ የፈታው ካውያ፥ የፈታው የበር ቁልፍ ሁሉ እንደ ተፈቱ ቀርተዋል፤ ከእያንዳንዳቸውም የተረፈው ብሎን በአንድ ቆርቆሮ ውስጥ ለታሪክ ተቀምጧል።

የባዕዱ ሰው ዐሥር ደቂቃ ለጀግናችን ዐሥራ አንድ ቀን ሆነ። ለአካል የግራ ነጠላ ጫማውን፥ ለጎማ ሁለት የዘይት ጀሪካን ክዳን፥ ለኃይል አራት የባትሪ ድንጋይ፥ ለልብ ደግሞ ሁለት ዲናሞ አዘጋጀ። አንደኛውን ዲናሞ ከሞተ ቴፕ አወጣ። ሁለተኛውን ግን ካልሞተ ቴፕ አወጣ፤ ይኸውም ሚስቱ ወይዘሮ እቴነሽ ከእናቷ ቤት ይዛው የመጣችው፥ ልብስ ስታጥብ የምታዘፍነው ቴፕ ነበረ።

ይህም በተሰማ ጊዜ ወይዘሮ እቴነሽ ከጓዳ ወጥታ እንዲህ ስትል አዋጅ አስነገረች፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ቴፔን ፈተሃል። እሑድ እናቴ ከጉና ስትወርድ ይህ ጫማህ ሰው ሳይነካው ከደጃፍ ተነሥቶ እግሯ ሥር ይድረስ። ካልደረሰ ካቻቢቴህን ለጎረቤታችን ለጌጡ እሰጠዋለሁ፤ አንተም ከእንግዲህ በዚህ ቤት የጡጦ ክዳን እንኳ አትፈታም።»

ዳኛቸውም ፈራ፤ በእውነት ፈራ። ያ ባለ ቀይ እጀታ ካቻቢቴ የአባቱ ነበረ። ቀኑን ሙሉ የሰው ፋይል ሲያወጣና ሲመልስ ለሚውል ሰው፥ ቤቱ ገብቶ የእኔ የሚለው ሥራ በዚያ ካቻቢቴ የሚሠራው ብቻ ነበረ።

ወእምድኅረ ዝንቱ እሑድ ደረሰ፤ ከቅዳሴ መልስም ሠራዊቱ ተሰለፈ። በቀኝ ጌጡ፥ ካቻቢቴውን ሊወርስ ታጥቦና ተበጥሮ የመጣ፤ በግራ እንቁላል ያቆሙ ሁለት ዶሮዎች፤ በደጀን የማንንም ትእዛዝ የማትሰማ ድመት፤ ከሁሉም በላይ፥ ከአልጋው ጫፍ፥ የገብስ ውቂያቸውን ጨርሰው የወረዱት አማቱ ወይዘሮ ታንጉት፥ ዱላቸውን ተመርኩዘው።

ዳኛቸው አድልዎ የማይወድ ሰው ነበረና፥ ቀዩን ሽቦ ከቀይ፥ ጥቁሩን ከጥቁር፥ ግራና ቀኙን አንድ አድርጎ በፕላስተር አስሮ ነበር። ጋፋት ላይ መድፍ ከተሠራ ወዲህ በዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር አልታየምና ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ዳኛቸው ጫማውን ከደጃፍ አስቀምጦ ማብሪያውን ተጫነ። ሮቦቱም ተነሣ፤ ተነሥቶም ባለበት ዞረ፤ ደግሞ ዞረ፤ መዞሩንም አላቆመም። ጌጡ እጁን ዘረጋ።

ያን ጊዜ ወይዘሮ ታንጉት ዱላቸውን መሬት መትተው እንዲህ ሲሉ አወጁ፦ «ይህ ለውቂያ እንጂ ለመንገድ አልተፈጠረም፤ ነዶ አምጡለት። ደሞስ ልጄ፥ በሬዎችህን ጀርባና ጀርባ አድርገህ ጠምደሃቸው፥ አንዱ ወደ ጉና አንዱ ወደ እብናት ሲል ቀንበሩ ከመዞር በቀር ምን ያድርግ? አንዱን አዙረህ ጥመድ።»

ነገሩም እንዳሉት ነበረ፤ ሁለቱ ዲናሞዎች ጀርባ ለጀርባ ስለ ተቀመጡ፥ ሽቦአቸው አንድ ዓይነት ሲሆን አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ይሄድ ነበር። ጀግናውም ምክሩን ፈጥኖ ተቀበለ፤ ጫማውን በሙሉ አንሥቶ አፍንጫውን ወደ ደጅ አዞረው። ሮቦቱም እንደ ፊተኛው ዞረ፤ ልዩነቱ አሁን መዞሩን ደጅ ደጁን እያየ መጀመሩ ነበር።

በዚህ ጊዜ ወይዘሮ እቴነሽ ያለ አንዳች አዋጅ ካቻቢቴውን ከእጁ ተቀበለች። በጫፉ የግራውን ዲናሞ ፕላስተር ልጣ፥ ቀዩን በጥቁሩ ቦታ፥ ጥቁሩን በቀዩ ቦታ አሰረች፤ ከደጃፍ አስቀምጣም አፍንጫውን ወደ እናቷ መለሰችው። ሮቦቱም በሊሾው ላይ ቀጥ ብሎ ሄደ፤ ዶሮዎቹን በተነ፤ ድመቷን አልጋ ላይ ሰቀለ፤ ከወይዘሮ ታንጉት ጫማ ጋር ተላትሞም ቆመ።

ዳኛቸውም ደረቱን ነፍቶ አዋጅ አስነገረ፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ። መጀመሪያ መዞሩ ለሙከራ ነበር። ሮቦቱ በእኔ ተሠርቶ በእኔ ደርሷል፤ ስለዚህ በአዋጁ መሠረት ካቻቢቴው ከዚህ ቤት አይወጣም።»

አዋጁም ተፈጸመ፤ ካቻቢቴው ከቤቱ አልወጣም፤ የሚኖረው ግን በወይዘሮ እቴነሽ ቀሚስ ኪስ ውስጥ ነው። ሰኞ ዲናሞውን መልሳ ቴፑን ገጠመች፤ ማክሰኞ ሰዓቱን፤ ረቡዕ ካውያውን፤ በቆርቆሮውም ውስጥ አንድ ብሎን አልቀረም። ዳኛቸው አጠገቧ ተቀምጦ የስልኩን መብራት ያዘላት። ደስም አለው፤ ይህን ግን በአዋጅ አላስነገረም።

እነሆ፥ ዜና መዋዕል የሚጻፈው በዘመተው ስም ነውና፥ ምስጋናው ሁሉ የአንተ ነው፥ አባ ፍታው፥ መዋዔ ብሎን፥ በአንድ እግር ጫማ የዘመትክ፥ በሌላው መሥሪያ ቤት የገባህ። አንተ ባትፈታው ኖሮ እርሷ ምን ትገጥም ነበር?