የሻፍትና የኩሽኔታ ዐቢይ ኮሚቴ

በሳሊተ ምሕረት ሰፈር የአንድ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር የሆኑት አቶ ኃይለኪሮስ፣ ሰማይን የሚያህል ጉዳይ በአንድ ሰው ሐሳብ ብቻ እንዳይወሰን ያደረጉት ተጋድሎ ለትውልድ ሊተላለፍ ይገባዋል።

የፊዚክስ መምህርቷ ማዕዛ ተማሪዎቿ የጨረቃን ጉድጓዶች በዓይናቸው እንዲያዩ ብላ፣ ሦስት ክረምት ሙሉ መስታወት በእጇ ስትሞርድና ስትወለውል ከርማ ቴሌስኮፕ ሠራች። የቀራት ማቆሚያው ነበር።

«ቱቦው የሚዞርበት ሃያ አምስት ሚሊ ሻፍትና እሱ ገብቶ የሚሽከረከርበት በልኩ ሁለት ኩሽኔታ ይበቃኛል። በጣት ሲነካ መዞር አለበት» ብላ አመለከተች።

አቶ ኃይለኪሮስ በድፍረቷ ደነገጡ። ወዲያው ሁለት ኮሚቴ አዋቀሩ፤ አንዱ ለሻፍት፣ አንዱ ለኩሽኔታ። አንዱ በሌላው ሥራ ጣልቃ እንዳይገባም በጥብቅ ተከለከለ። የሻፍቱ ኮሚቴ ሃያ አምስት ሚሊ «የተቋሙን ቁመና የማይመጥን» ሆኖ ስላገኘው በሙሉ ድምፅ ሰማንያ አደረገው። የኩሽኔታው ኮሚቴ ግን በቁጠባ መንፈስ ስድሳ ላይ ቆመ።

ለሚ ኩራ ያለው የቶርኖ ባለሙያ ዋቅቶላ ሁለቱን ቃለ ጉባኤ ደጋግሞ አነበበ።

«ጋሼ፣ ሰማንያው ስድሳው ውስጥ እንዴት ይገባል?»

«በመግባባት» አሉ አቶ ኃይለኪሮስ።

«ብረት ነው እኮ!»

«የተፈረመበት ብረት ነው።»

ዋቅቶላ ትከሻውን ሰበቀ። ብረቶቹም በብየዳ ተግባቡ።

በምረቃው ዕለት አመሻሽ ላይ ሪባን ተቆረጠ፤ ስለ ሻፍቱ ውፍረት ሰፊ ንግግር ተደረገ። ቱቦው ወደ ምሥራቅ ተገትሮ ስለቀረ፣ ጨረቃ ራሷ መጥታ ገባችበት። አቶ ኃይለኪሮስ ከሁሉ ቀድመው አዩ።

«ወይ ጉድ! ጉድጓዶቿ ሳይቀሩ!»

ሦስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ጨረቃ ጠፋች።

«የት ሄደች?»

«ምድር ዞረች» አለች ማዕዛ። «እኛም አብረን ማዞር ነበረብን፤ ሻፍቱ ግን አይነቃነቅም።»

ከኋላ የተሰለፉት ተማሪዎች ተራ በተራ እየተጎነበሱ ባዶውን ጨለማ አይተው አለፉ። የመጨረሻዋ ልጅ «ቲቸር፣ ቆንጆ ነው» ስትላት የማዕዛ ዓይን እንባ አቀረረ።

ጉዳዩ በዋዛ አልታለፈም። ኮሚቴዎቹ በጋራ አጣርተው ሻፍቱ ጽናቱን አለማጓደሉን፣ ኩሽኔታውም ከአቋሙ ፍንክች አለማለቱን አረጋገጡ፤ አባላቱም የምስጋና ምስክር ወረቀት ተቀበሉ። መምህርት ማዕዛ ደግሞ፣ ምድር እንደምትዞር እያወቁ ለኮሚቴው አስቀድመው በጽሑፍ ባለማሳወቃቸው፣ የመጀመሪያ ደረጃ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው።