ስልከኛዋ ወይዘሮ አገር

የሰው ስልክ የሚያዳምጥ ሰው ይወዳሉ? እኔም አልወድም ነበር። በደርግ ጊዜ ጎንደር ከተማ ጤና መሥሪያ ቤት ስሠራ ግን አንዲቱን ወደድኋት።

አለቃዬ ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ፣ የተከተቡትን ሕፃናት በስልክ እየጠየቅሁ እንድመዘግብ አዘዘኝ። መቼም ስልክ አይዋሽም! ከአይከል ወዲያ ወዳለች አንዲት ትንሽ ከተማ ደወልሁ። የከተማዋን ጥቂት ስልኮች የምታገናኘው ወይዘሮ አገር ከቀበሌው ሊቀመንበር ጋር አገናኘችኝ።

«ሁሉም ተከትበዋል፣ ጓድ» አሉኝ።

ደስ ብሎኝ ልጽፍ ስል የሴት ድምፅ ጣልቃ ገባ።

«አያ ታደሰ፣ የራስዎ የልጅ ልጅ መች ተከተበችና?»

ሊቀመንበሩ ሳቁ።

«ምነው ልጄ፣ ታዳምጪ ኖሯል?» አሏት።

ወይዘሮ አገር ግን ያልተከተቡትን ልጆች በየእናታቸው ስም ዘረዘረችልኝ። የጻፍሁበት ወረቀት ሞላ።

በሳምንቱ ክትባት ጭነን በመኪና ሄድን። አያ ታደሰ የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ከሰልፉ ፊት ቆመዋል። ሕፃኗ ስትወጋ አለቀሰች፤ እርሳቸውም አብረው እንባ አፈሰሱ። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቀ።

አንዲት የማላውቃት ሴት ድምፄን ሰምታ ቀረበችኝ።

«ሳልዎ ተሻለዎት?» አለችኝ። «የዚያን ዕለት በስልክ ሲያስሉ አንጀቴን በሉት።»